ቲንቲን ወይስ ናሩቶ? ጅማ ሆኖ ኮሚክ ለመግዛት ላሰበ

ጓደኞቼ «ከየት ልጀምር?» ባሉኝ ቁጥር መልሴ የወጣቱን ጋዜጠኛ ጀብዱ የሚተርከው የቤልጅየሙ ቲንቲን ነው፤ ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) ነክቶ ለማያውቀውም፣ ልጅ ሳለ አንብቦ ለተወውም። እነሱ ግን የሚፈልጉት የጃፓኑን የኒንጃ ኮሚክ፣ ናሩቶን ነው። ካርቱኑን በስልክ አይተውታላ!

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ናሩቶ 72 ቅጽ ነው። ያገለገለውን አንድ ቅጽ 400 ብር ብንለው፣ መጨረሻውን ለማየት 28,800 ብር ይጠይቃል፤ ያውም ሁሉም ከተገኘ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ አንድ አዟሪ እጅ ቅጽ 1 እና ቅጽ 17 ብታገኙ፣ የመሀሉን ፍለጋ አዲስ አበባ ሰው መላክ ነው፤ የሚላክበት ሒሳብ ደግሞ ሌላ። አንድ የቲንቲን መጽሐፍ (አልበም ይሉታል) 700 ብር ይሁን፤ አብዛኞቹ በ62 ገጽ ጀምረው ይጨርሳሉ። በ700 ብር ሙሉ ታሪክ፣ በ400 ብር የታሪክ ሰባ ሁለተኛ እጅ። ለኔ ርካሹ የቱ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ቲንቲንም ቢሆን ወጥመድ አለው። «የዩኒኮርን ምሥጢር» ያለ «የቀይ ራክሃም ሀብት» አይገዛም፤ ሁለቱ የጨረቃ አልበሞችም እንዲሁ ጥንድ ናቸው። አንዱን ብቻ የሚሸጥላችሁን እለፉት። ለመጀመሪያ «ቲንቲን በቲቤት» ይሁን፤ ለብቻው የቆመ ነው። «ቲንቲን በኮንጎ»ን በነፃ ቢሰጧችሁም ተዉት፤ አፍሪካዊውን ማሰብ እንደማይችል ሕፃን አድርጎ ነው የሣለው።

በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ ለሚሸጠው ናሩቶ ይሻላል የሚል አለ። እውነት ነው፣ ማንጋ (የጃፓን ኮሚክ) ከጥንቱም ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ኮፒው ብዙ አያበላሸውም፤ የቲንቲን የሌሊት ሥዕል ግን ኮፒ ሲደረግ ጥላሸት ይሆናል። ነገር ግን ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። አንድ ወዳጄ የገዛውን ኮፒ ጠራዡ እንደ ማንኛውም ሞጁል በግራ በኩል ጠርዞታል፤ ሁለት ገጽ ላይ የተዘረጋው ውጊያ ግራና ቀኙ ተለዋውጦ፣ ጡጫው ወደ ውጭ፣ ተመቺው ወዲያ ማዶ! የዳር ዳሩ ንግግርም በመቁረጫ ተበልቷል። ሻጩ አልመለሰለትም።

የፈረንሳዩ ኮሚክ አስቴሪክስ ጥሩ ነው፤ ቀልዱ ግን በቃላት ጨዋታ የተሞላ ስለሆነ እንግሊዝኛው ላልጠነከረ ይከብዳል። የአሜሪካው ማርቭል ቀጫጭን የልዕለ ጀግና እትሞች ቡና እስኪፈላ ያልቁና «ይቀጥላል» ይላሉ። እንግሊዝኛ ለሚያስቸግራቸው ልጆች በአማርኛም የታተመው የኢታን ኮሚክስ «ጀምበር»፣ የኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ታሪክ፣ አለ።

ማንጋ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል፣ ዴዝ ኖት 12 ቅጽ ነው፤ በዚያው ሒሳብ 4,800 ብር። ይህን ከጨረሰ በኋላ ናሩቶ ቢል አልከራከረውም።

አሮጌ የቲንቲን አልበም ስትገዙ ሽፋኑን አትዩ፤ በቀጥታ ወደ ገጽ 62 ሂዱ። ብዙ ጊዜ የሚገነጠለው የመጨረሻው ቅጠል ነው። ከሌለ ዋጋውን በግማሽ ቀንሱ፣ ሻጩ እምቢ ካለ ትታችሁ ሂዱ።