የቅዳሜ ማጠናከሪያ ወይስ በደረጃ የተከፈለ ድጋፍ?

የቅዳሜ ማጠናከሪያ ለማዘጋጀት ቀላል ነው፤ አንድ መምህር፣ አንድ ሙሉ ክፍል፣ የሳምንቱ ትምህርት ክለሳ። ለክልል ፈተና ለሚዘጋጅ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ይጠቅማል። «ለ»ን ከ«ሉ» ለማይለይ የ3ኛ ክፍል ልጅ ግን አይፈይድም፤ ያልገባውን በድጋሚ ይሰማል እንጂ።

በደረጃ የተከፈለው ድጋፍ ከመለየት ይጀምራል። ልጁ ብቻውን ቀርቦ አጭር አንቀጽ ለ1 ደቂቃ ጮክ ብሎ ያነባል፤ መምህሩ ልጁ የሳታቸውን ፊደላት ይመዘግባል። ስህተቱ ቅርጻቸው ወጥ ባልሆነው ሳድስና ሳብዕ (6ኛና 7ኛ ፊደላት፣ እንደ «ል» እና «ሎ») ላይ ከተከማቸ፣ ሥራው እዚያው ላይ ነው። ከዚያ ተመሳሳይ ክፍተት ያለባቸው 5 ወይም 6 ልጆች በሳምንት 3 ቀን፣ ለ30 ደቂቃ ያህል፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አብረው ይሠራሉ፤ በየ2 ሳምንቱም ይለካሉ። ያልተሻለው በየቀኑ ለብቻው ይታገዛል።

ይህ የሚበላሸው ቡድኑ ሳይቀያየር ቆይቶ «የሰነፎች ክፍል» ሲባል፣ ወይም ልጁ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲወጣ ነው። ቀኑም ይታሰብበት፤ ወሎ ውስጥ ገበያ ልጆችንም ይጠራል፣ ገበያዋ ሰኞ በሚውልባት ባቲ ይህን ቀን መምረጥ ተማሪ ማጣት ነው።

መምህር ካነሰ ቅዳሜን ለ8ኛ ክፍል ትቶ፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉትን በቡድን መያዝ ይሻላል።