የማይሶር መካነ እንስሳት፦ ግማሽ ቀን ሊሰጠው የሚገባ ስፍራ

በደቡብ ሕንድ ካርናታካ ግዛት፣ በማይሶር ከተማ የሚገኘው የቻማራጄንድራ መካነ እንስሳት እ.ኤ.አ. በ1892 በማሃራጃው (በአካባቢው ንጉሥ) ቻማራጃ ዎዴያር የተመሠረተ ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ የቤተ መንግሥቱ ንብረት ነበር። ዕድሜው ከዛፎቹ ይታወቃል፤ መንገዱን ከግራና ከቀኝ አጅበው ከላይ ስለሚገናኙ፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ አብዛኛው ጉዞ በጥላ ሥር ነው።

እኔ ከሁሉ አስበልጬ የወደድኩት የእንስሳቱን አያያዝ ነው። ብዙዎቹ ትልልቅ አራዊት ከጎብኚው የሚለዩት በብረት ፍርግርግ ሳይሆን በሰፊና ጥልቅ ቦይ በመሆኑ፣ ነብሩ በሣሩ መካከል ሲንጎማለል ዓይን ያለ ከልካይ ይከተለዋል። ቀጭኔዎቹ ዘንድ ደግሞ ረጅም ጊዜ ቆሜአለሁ፤ አንዷ ጠቆር ያለ ምላሷን ዘርግታ ከተሰቀለላት የቅጠል እስር ውስጥ ለጋውን ቀንበጥ እየመረጠች፣ እየጠመዘዘች ትመዝ ነበር።

ጎሪላዎቹን በጥድፊያ ማለፍ አይገባም። በመላው ሕንድ ብቸኛ የነበረው ፖሎ የተባለው ጎሪላ እ.ኤ.አ. በ2014 ከሞተ በኋላ ቦታው ባዶ ቆይቶ፣ በ2021 ታቦና ደምባ የተባሉ ሁለት ወንዶች ከጀርመን መጥተዋል። የፖሎን የብቸኝነት ዓመታት ለሚያስታውስ ሰው፣ ሁለቱን አብረው ማየት በእውነት ደስ ያሰኛል። ግለሰቦችና ድርጅቶች የአንድን እንስሳ የቀለብ ወጪ ለተወሰነ ጊዜ የሚሸፍኑበት የጉዲፈቻ አሠራር መኖሩም ሊመሰገን የሚገባው ነው።

ግቢው ከ150 ኤከር በላይ ስለሆነ ምቹ ጫማ ያስፈልጋል፤ በእግር መሄድ ለሚከብዳቸው አረጋውያን በባትሪ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች አሉ። ፕላስቲክ ይዞ መግባት የተከለከለ ነው። ማክሰኞ ዝግ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ቅዳሜና እሑድ፣ ይልቁንም ዳሳራ በተባለው የሂንዱዎች በዓል ሰሞን፣ ሕዝቡ እጅግ ይበዛል፤ አንዳንድ ጎብኚም እንስሳቱን ለማስነሣት ይጮኻል፣ ያፏጫል፤ ይህ ለእንስሳቱም ሆነ በጸጥታ ለሚመለከተው ሰው የሚያስከፋ ነገር ነው። ስለዚህ በሥራ ቀን፣ በሩ እንደተከፈተ መግባትና ሙቀቱ ሳይበረታ ትልልቆቹን አራዊት ማየት፣ ከዚያም ጉልበት ከተረፈ ወደ አጎራባቹ የካራንጂ ሐይቅ መሻገር የተሻለ ነው፤ በዚያም ወፎች በነፃነት በሚበሩበት፣ በመረብ በተሸፈነ ሰፊ ስፍራ ውስጥ ይገባል።