አንገቱ ላይ ብቻ የተቸነከረ ጥሩር ገዝቼ ተቃጠልሁ፤ እናንተ ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ትናንት የተረከብሁት ጥሩር፣ ማለትም ከብረት ቀለበቶች የተያያዘ የጦር ልብስ፣ ከነከረጢቱ በር ሥር እንደተቀመጠ፣ ንዴቴም ገና ሳይበርድ ነው። በጠቅላላው 1,380 ዩሮ ከፍያለሁ፤ 400ው ባለፈው ሰኔ የሰጠሁት ቀብድ ሲሆን ቀሪው 980 ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ከረጢቱ ሳይገለበጥ፣ በጥሬ ገንዘብ የተቆጠረ ነው። ከረጢቱ አለመገለበጡን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሻጩን በስም አልጠራውም። እዚህ ጀርመን ውስጥ በመካከለኛው ዘመን የጦር ልብስ ፍቅር የተያዛችሁ ሁሉ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፤ በጋ በመጣ ቁጥር በየጥንታዊው ምሽግ ግቢ ድንኳን የሚተክለው፣ የቆዳ ሽርጥ የሚታጠቀው፣ ጢሙን የሚጎነጉነው፣ የትኛውንም ዕቃ ብታነሡ «ይህን በገዛ እጄ ነው የሠራሁት» የሚለው ሰው ነው። አጠገቡ መስፍ አቁሟል፤ በመስፉ ላይ ግን አንድ የመዶሻ ጠባሳ እንኳ አልነበረም። ይህን በዓይኔ አይቼ ዝም ማለቴ የመጀመሪያው ሞኝነቴ ነበር።

እኔ የምፈልገው ከየዘመኑ የተቃረመ የፊልም ልብስ አልነበረም። በማግደቡርግ ካቴድራል ውስጥ ከ1240 እስከ 1250 ባለው ጊዜ ገደማ ከአሸዋ ድንጋይ የተቀረጸ የቅዱስ ማውሪትዩስ ሐውልት አለ። በትውፊት በሮማ ሠራዊት ውስጥ የቴብስ (የግብፅ) ክፍለ ጦር መሪ የነበረው ይህ ሰማዕት በዚያ ሐውልት ላይ የተቀረጸው ጥቁር አፍሪካዊ ሆኖ ነው፤ ራሱንና አንገቱን ጥሩር ሸፍኖታል፣ ገላው ላይም ጥሩር አለ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የብረት ሰሌዳዎች በውስጡ የተቸነከሩበት ካባ ለብሷል። እንዲህ ያለውን ካባ ከሚያሳዩት የአውሮፓ ቅርሶች መካከል ከቀደሙት አንዱ ስለሆነ የጦር ልብስ አጥኚዎች አዘውትረው ይጠቅሱታል። እኔ ግን መጀመሪያ ያቆመኝ ፊቱ ነበር። እግሮቹ ተሰብረው ቢጠፉም፣ ከስምንት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በሰሜን አውሮፓ ድንጋይ ላይ የወጣውን ያን ፊት ሳይ የአጎቴን ፊት ያየሁ መስሎኝ ቆሜ ቀረሁ። የምገባበት የታሪክ ትዕይንት ቡድን ደንብ እያንዳንዱ ሰው አንድ ቦታና አንድ ዘመን መርጦ ከራስ ቁሩ እስከ ጫማው በዚያው እንዲጸና ስለሚያስገድድ፣ ምርጫዬ ያን ዕለት አለቀ።

ቀሪው ሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቷል። የጦር ልብስ የሚሰበሰበው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ከሥር የሚለበሰው በበፍታ የተደራረበ ወፍራም ልብስ ካልተዘጋጀ የጥሩሩ ልክ ሊታወቅ አይችልም። ያን ልብስ አንድ ክረምት ሙሉ በእጄ ሰፋሁት፤ ጣቴ እስኪደማ። ከዚያ በኋላ ነው ጥሩር ፍለጋ የወጣሁት።

የጎልያድን ታሪክ ያነበበ ሁሉ «ጥሩር» የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ ጥሩሩ እንዴት እንደሚያያዝ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። እያንዳንዱ ቀለበት በአራት ቀለበቶች ውስጥ ያልፋል፤ የቀለበቱም ሁለት ጫፎች ተቀጥቅጠው ይሳሳሉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባል፣ ይበሳና በትንሽ ችንካር ይታሰራል። በዚያ ዘመን ጥሩር ላይ አንዱ ረድፍ የተቸነከረ፣ ቀጣዩ ደግሞ መጋጠሚያ የሌለው ድፍን ቀለበት ሆኖ መፈራረቁ የተለመደ ነበር። ችንካሩ ከሌለ ቀለበቱ የታጠፈ ሽቦ ነው፤ የጦር ጫፍ ሲገፋው አፉን ይከፍታል። ጫፍና ጫፉ ተገጣጥሞ ብቻ የቆመ ጥሩር ለግድግዳ ጌጥ ካልሆነ በቀር በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ላይ ቦታ የለውም። ይህን ሁሉ ከመግዛቴ በፊት አውቅ ነበር፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

በሰኔ ወር ሻጩ ጠረጴዛ ላይ አንድ ነጠላ የጥሩር እጅጌ ተዘርግቶ ነበር። በአጉሊ መነጽር መረመርሁት፤ ጠፍጣፋ ቀለበት፣ አንድ ረድፍ ችንካር፣ አንድ ረድፍ ድፍን፣ እንከን የለውም። ማንን ለመምሰል እንደምዘጋጅ ሲጠይቀኝ ነገርሁት። ስልኩን አውጥቶ የሐውልቱን ፎቶ ከፈተና ከፊቴ አጠገብ አስጠግቶ ይዞ «ማውሪትዩስ ራሱ መጣ!» ብሎ ጮኸ። በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ዞረው አዩኝ፣ አንዳንዶቹም አጨበጨቡ። እኔም ጥርሴ እስኪታይ ፈገግ ብዬ 400 ዩሮ ቀብድ ቆጥሬ ሰጠሁት። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ጥሩር በልክ የሚሠራ፣ 1፤ ሰይፍ፣ 1» የሚል ብቻ ነው። ስለ ችንካር አንድ ቃል የለበትም፤ እኔም አላስጻፍሁም፣ ምክንያቱም በዚያች ደቂቃ ደረሰኝ የሚያነብ ሰው አልነበርሁም፣ ቅዱስ ነበርሁ።

ትናንት ዕቃውን ልረከብ መጋዘኑ ድረስ ሄድሁ። ከረጢቱ በዘይት የተነከረ ወፍራም ሸራ ሲሆን አፉ በገመድ ታስሮ ነበር። ሻጩ ገመዱን ላላ አደረገና የጥሩሩን አንገትጌ ብቻ ወደ ውጭ ጎትቶ «ይኸው፣ ይመልከቱ» አለኝ። አየሁ። የተቸነከረ ነበር፣ ልክ እንደ እጅጌው። መርካቶ ድንች በጆንያ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ጨዋታ ያውቀዋል፤ ላይ ላዩ የቡጢ ያህል ድንች፣ ከሥሩ ለቀማ። እናቴ ጆንያ ሳታስገለብጥ ገዝታ አታውቅም፤ እኔ ግን የእርሷ ልጅ ሆኜ 980 ዩሮ ቆጥሬ ሰጠሁ፣ «አይቼ ተረክቤአለሁ» በሚል ወረቀት ላይም ፈረምሁ። ሻጩ ገንዘቡን ይዞ ወደ ቢሮው ገባ። እኔ የሰፋሁትን ልብስ ለብሼ ስለነበር ጥሩሩን ከረዳቱ ጋር አንሥተን በራሴ አጠለቅሁት። ክብደቱ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ እንዴት ደስ እንዳለኝ ብነግራችሁ ታፍሩልኛላችሁ። ቀኝ እጄን ከፍ አደረግሁ፣ ሰይፍ እንደሚያነሣ ሰው። ያን ጊዜ ከብብቴ ሥር አንድ ነገር ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ጠብ ሲል ሰማሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ፣ ከዚያም ሦስተኛ።

ጎንበስ ብዬ አንዱን አነሣሁት። አፉን የከፈተ፣ ክብ፣ ዚንክ የተለበጠ ሽቦ ነበር፤ እንኳን ችንካር የችንካር ቀዳዳም የለውም። ጥሩሩን አውልቄ መሬት ላይ ዘረጋሁትና በጉልበቴ ተንበርክኬ ፈተሽሁት። የተቸነከረው አንገትጌው ላይ ስድስት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ እጅጌ ጫፍ ደግሞ አራት ረድፍ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ፣ ደረቱም ጀርባውም ብብቱም፣ በፒንሳ የተገጠመ ሽቦ ነው። አጥር የሚታጠርበት ዓይነት።

ረዳቱን ቀና ብዬ አየሁት። ዕድሜው ከሃያ አምስት አይበልጥም። ገንዘቡ እስኪቆጠር ድረስ «እርስዎ» ሲለኝ የቆየው ልጅ ትከሻውን ነቅንቆ እንዲህ አለኝ፦ «ምን ያስጨንቅሃል? ሰው የሚያየው ፊትህን ነው፤ ቀለበቱን ማን ይቆጥርልሃል?» ሻጩም ከቢሮው ወጥቶ በልክ የተሠራ ዕቃ እንደማይመለስና አይቼ እንደፈረምሁ ነገረኝ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ለካ ሰኔ ላይ ያጨበጨቡልኝ ለዝግጅቴ አልነበረም። ሰውየው መልኬን አይቶ ዋጋዬን ገመተ፤ ለመልኩ ሲል የመጣ ጥቁር ሰው ዕቃውን አይመረምርም ብሎ ደመደመ። የሚያበግነኝ ግምቱ ትክክል መሆኑ ነው።

ስለ ሰይፉ ብዙ አልልም። የዚያ ዘመን የአንድ እጅ ሰይፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.4 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህኛው ቤቴ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሲወጣ 1.9 ኪሎ ሆነ። እጀታውን ስፈታው ከስለቱ ጋር አንድ ወጥ መሆን የነበረበት፣ እጀታው ውስጥ የሚገባው ጭራ በብየዳ የተቀጠለ የብሎን ዘንግ ሆኖ አገኘሁት። አንድ ጊዜ ጠንክሮ ቢመታ ስለቱ በርሮ ከተመልካች መካከል ያርፋል። ስለዚህ ይህን ዓይነቱን ሰይፍ የገዛችሁ ካላችሁ እባካችሁ ሰው ባለበት አትወዝውዙት።

ለምትገዙ ሰዎች፦ ጥሩር ስትመርጡ አንገትጌውን ትታችሁ ብብቱንና የታችኛውን ጫፍ ፈትሹ፤ ቀለበቱ ሁሉ የተቸነከረ ወይም ድፍን መሆኑን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፤ ከረጢቱ ሳይገለበጥ አትክፈሉ። የተታለላችሁ ካላችሁም «በልክ የተሠራ ነው» የሚለው ቃል አያስፈራችሁ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ነጋዴ ለሸጠው ጉድለት ያለበት አዲስ ዕቃ ቢያንስ ሁለት ዓመት ተጠያቂ ነው፤ እዚህ ጀርመን ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት የታየ ጉድለት ርክክቡ ላይ እንደነበረ ስለሚገመት፣ አልነበረም ብሎ ማስረዳት የሻጩ ዕዳ ነው። እኔም ፎቶዎቹን አያይዤ ደብዳቤዬን ዛሬ ጠዋት በአደራ ልኬአለሁ።

ትዕይንታችን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፈረንሳይ ውስጥ እንደተሣለ በሚታመነውና አሁን ኒው ዮርክ በሞርጋን ቤተ መጻሕፍት በሚገኘው ሥዕላዊ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ፣ ጥሩር የሌላቸው እግረኞች በዚያ በተደራረበ ልብስ ብቻ ሲዋጉ ይታያሉ። ስለዚህ ዘንድሮ እግረኛ ነኝ፤ በእጄ የሰፋሁትን ለብሼ እወጣለሁ፣ ጦሩንም ከጓደኛዬ እዋሳለሁ።