ማካር ወይስ ሄድማን፦ የቱ ተከላካይ ይሻላል?

የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾቹ የኮሎራዶው ኬል ማካር እና የታምፓ ቤዩ ቪክቶር ሄድማን እ.ኤ.አ. በ2022 በስታንሊ ካፕ (በሰሜን አሜሪካው ሊግ ዋንጫ) ፍጻሜ ተገናኝተው ነበር። ኮሎራዶ በጨዋታ ብዛት 4 ለ 2 አሸነፈ፤ ማካርም የጥሎ ማለፉ ኮከብ ተባለ። ሄድማን ያንኑ ሽልማት በ2020 ወስዶታል። እና የቱ ይሻላል?

ማጥቃት፦ እዚህ ማካር ይበልጣል። ሰማያዊው መስመር (የማጥቂያው ክልል መግቢያ) ላይ ፓኩን (ጠፍጣፋዋን የሆኪ ጎማ) ይዞ ሲቆም ልብ ብላችሁ እዩት። ትከሻውን ወደ ግራ ይጥላል። ተጋጣሚው ሲከተለው በጫማው ስለት ዞር ብሎ በቀኝ እልም ይላል። በ2024-25 በመደበኛው ውድድር 30 ጎል አግብቷል፤ ለተከላካይ ይህ ጉድ ነው! ሄድማን ደግሞ የሚያምርበት ማቀበሉ ነው፤ ሳይጣደፍ፣ ቀና ብሎ አይቶ ይልካል።

መከላከል፦ ሄድማን ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ዱላውን ሲዘረጋ መንገዱ ሁሉ ይዘጋል። ማካር 1.80 አካባቢ ስለሆነ ጎል አፍ ላይ ከግዙፍ አጥቂ ጋር መገፋፋት ይከብደዋል።

ዕድሜ፦ እ.ኤ.አ. ሄድማን የ1990፣ ማካር የ1998 ልጅ ናቸው። ፈጣን አጥቂን ማሳደድ ለሄድማን እየከበደ ይሄዳል።

ጎል ካስፈለገኝ ማካርን አስገባለሁ። አንድ ለዜሮ እየመራሁ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ግን ጎሉ ፊት ሄድማን ቢቆምልኝ እመርጣለሁ።