ምድር ቤታችንን ከውሃ ላዳነልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለባህር ዳር ሰውም ጥቆማ

ይህን ጽሁፍ ሰኔ ላይ ልለጥፈው ነበር። ግን ክረምት ሳያይ የተመሰገነ የውሃ ሥራ ብዙ ስላየሁ ቆየሁ። አሁን ጥቅምት ገብቷል፣ ምድር ቤቱ ደረቅ ነው፣ እንግዲህ ማመስገን ይቻላል።

ቤታችን ሽምብጥ ነው፣ ከጣና ብዙም አይርቅም። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ አባቴ ከሥር ምድር ቤት አውጥቶበታል። የእማዬ ጤፍና በርበሬ፣ የወንድሜ የስፌት ማሽኖች፣ ሁሉም እዚያ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ግድግዳው ያልበዋል፣ ቀለሙ ይላላጣል፣ ከታች ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ይወጣል፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ ወለሉና ግድግዳው ከሚጋጠሙበት ውሃ መመንጨት ይጀምራል። ከዚህ በፊት አንድ ሰው (ስሙ ይቅር) ግድግዳውን ከውስጥ ሬንጅ ቀብቶ "ከእንግዲህ ጠብታ አታዩም" ብሎ ብሩን ይዞ ሄደ። ሬንጁ ሐምሌ ላይ ውሃ ቋጥሮ ተነፋ፣ ከዚያ ተገሸለጠ። ስልክ ሲደወልለትም አያነሳም።

አሁን የማመሰግነውን ባለሙያ ያገኘነው አምና መስከረም በጎረቤት በኩል ነው። ሲመጣ ስለ ዋጋ ምንም አላለም። የመጀመሪያ ጥያቄው "ውሃው የሚገባው ሲዘንብ ነው ወይስ ካባራም በኋላ?" የሚል ነበር። እማዬ "ኧረ ልጄ፣ ውሃ ያው ውሃ ነው" አለችው። ሳቀና "አይደለም እናቴ" ብሎ አስረዳት። እየዘነበ የሚገባ ከሆነ ከጣሪያና ከግቢ የመጣ ነው። ዝናቡ አቁሞ መስከረምና ጥቅምት ላይም የሚመነጭ ከሆነ ግን የመሬት ውስጥ ውሃም አለበት፣ ምክንያቱም ጣና በደንብ የሚሞላው ክረምቱ ሲወጣ ነው፣ ሐይቁ ዳር ያለው የከርሰ ምድር ውሃም አብሮት ከፍ ይላል። የኛ ሁለቱም ነበረበት።

ቀጥሎ አንድ ቁራጭ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በፕላስተር አሸገና ሄደ። በማግስቱ መጥቶ አየው። ጤዛው ከላስቲኩ ፊት ቢሆን ኖሮ እርጥበቱ የክፍሉ አየር ነው፣ መስኮት መክፈት ብቻ ሊበቃ ይችላል። የኛ ከጀርባው ነበር፣ ግድግዳው በኩል ጠብታው ተሰልፎ ይታያል። ይቺን ማንም ቤቱ ሊሞክራት ይችላል፣ ወጪዋ የላስቲክና የፕላስተር ብቻ ናት።

እኔ ይህን ሰው ያመንኩት ግን ወደ ውጭ ወጥቶ አሸንዳውን ሲያይ ነው። የአሸንዳው መውረጃ ቱቦ ልክ ምድር ቤቱ ጥግ ላይ ነበር የሚያፈሰው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከወረደ 2,000 ሊትር ውሃ ነው። "ይህን ሁሉ መሠረት ላይ እያፈሰሳችሁ ግድግዳ ብታስቀቡ ብራችሁን ነው የምትቀቡት። መጀመሪያ ቱቦውን አርቁ፣ ለዚህ ደግሞ እኔ አላስፈልጋችሁም፣ የሰፈራችሁ ቧንቧ ሠራተኛ ይሠራዋል" አለን። ቁፋሮውንም በእርጥብ መሬት አልጀምርም፣ ጥር ይግባ ብሎ ሄደ። ሥራ እምቢ የሚል ሠራተኛ እስኪ ስንቶቻችሁ አይታችኋል?

ጥር ላይ በቃሉ መጣ። አፈራችን ዋልካ ነው፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ቀጥ ብሎ ወደ መሠረቱ ይወርዳል። እስከ መሠረቱ ግርጌ አስቆፈረ፣ የድንጋዩን ግንብ በብረት ብሩሽ አስፈተገ፣ አስለሰነ፣ ልስኑ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቆ ሬንጁን ከውጭ አስቀባ። 1 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ውሃ በእያንዳንዱ ካሬ 1 ቶን ያህል ይገፋል። ሬንጁ ከውጭ ሲሆን ግፊቱ ግድግዳው ላይ ያጣብቀዋል፣ ከውስጥ ሲሆን ግን ገፍቶ ያነሳዋል። የቀድሞው ሥራ ለምን እንደተገሸለጠ ያኔ ገባኝ።

ቦዩ ውስጥ ጠጠር ከተነጠፈ በኋላ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ሲቀበር አንዱ የቀን ሠራተኛ ቀዳዳውን ወደ ላይ አዙሮ አስቀምጦት ነበር። ባለሙያው ሁሉንም አስነስቶ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ እንዲሄድ በውሃ ልክ እየለካ፣ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጎ እንደገና አስቀበረው። ውሃው ከሥር ሲነሳ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ይሄዳል፣ ወለላችን ጋ ሳይደርስ። ከውስጥ ደግሞ የድሮውን ሬንጅ ፍቆ አወጣ፣ የወለሉንና የግድግዳውን መጋጠሚያ ቦርቡሮ ደፈነ፣ ከዚያ ከሲሚንቶ ጋር የሚሠራውን ውሃ መከላከያ ግድግዳውን ውሃ እያጠጣ ሁለት ጊዜ ቀባው፣ አንዱን ወደ ጎን አንዱን ወደ ታች።

እንከኑንም ልንገራችሁ። ሰዓት አያከብርም፣ ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ ካለ አራት ሰዓት ላይ ጠብቁት። ርካሽም አይደለም። ግን የዕቃውን ደረሰኝ በሙሉ አመጣ፣ የተረፈውንም ለሱቁ መልሶ ብሩን ሰጠን። እማዬ "እጅህ ይባረክ፣ ያሰብከው ይሙላልህ" ስትለው እንደ ልጅ አፈረ።

ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፣ ብቻውን ስለሆነ ብዙ ሥራ ባንዴ አይዝም። ቁጥሩን ግን በኢንቦክስ ለሚጠይቀኝ እንድሰጥ ፈቅዷል። የምትፈልጉት ከጥር በፊት ተነጋገሩ፣ ግንቦት ላይ ደውላችሁ ለሰኔ ድረስልን ብትሉት አይመጣም።