የዓለም ባንክ «ዳታባንክ»፦ ነፃ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን ከስር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ

ግራፉን ሠርቼ ስጨርስ ደስ ብሎኝ ነበር። የናይጄሪያ የአገልግሎት ዘርፍ በኢኮኖሚው ውስጥ ያለው ድርሻ ለዓመታት ዝቅ ብሎ ይሄድና ድንገት ሽቅብ ይወጣል። አለቃዬ ጣቱን እዚያው ላይ አሳረፈ። «እዚህ ጋ ምን ተፈጥሮ ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጥፋቱ የኔው ነው። ከዓመታት በፊት ያወረድኩት የኤክሴል ፋይል ነበረኝ። ለቅርቦቹ ዓመታት ሌላ አወረድኩና ከአሮጌው ስር ለጠፍኩት። በሁለቱ ፋይሎች መሀል፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ናይጄሪያ የብሔራዊ ሂሳቧን መነሻ ዓመት፣ ማለትም ኢኮኖሚው በዋጋውና በዘርፎቹ ክብደት የሚሰላበትን ዓመት፣ ከ1990 ወደ 2010 ቀይራ ነበር። የ2013 ኢኮኖሚዋ በአንድ ቀን 89 በመቶ ገደማ ተልቆ ተገኘ። የሞባይል ስልኩና የፊልም ሥራው በድሮው ቆጠራ በወጉ አልገቡም ነበር። የአገልግሎት ድርሻ ከ26 በመቶ ገደማ ተነስቶ ግማሹን አለፈ። የኔ ሽቅብ መስመር ይኸው ነው። በዚያ ቀን አንድም ተጨማሪ ፀጉር አልተቆረጠም፣ አንድም ተጨማሪ ስልክ አልተደወለም። የተለወጠው ቆጠራው ነው።

ከዚያ ወዲህ አሮጌ ፋይል አልነካም። በፈለግሁ ቁጥር የዓለም ባንክ የአገሮችን ቁጥር የሚያስቀምጥበት ድረ ገጽ፣ ዳታባንክ፣ ገብቼ ሁሉንም ዓመት በአንዴ አወርዳለሁ። ላስተዋውቃችሁ የመጣሁት እሱን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አገር ትመርጣላችሁ፣ መለኪያ ትመርጣላችሁ፣ ዓመት ትመርጣላችሁ፣ ሠንጠረዡ ይመጣል። ለአንዳንድ አገሮች እስከ 1960 ወደኋላ ይሄዳል። ክፍያ የለውም። በፊት በክፍያ የምጠቀመው አንድ ድረ ገጽ ነበር፣ ስሙ ይቅር። ግራፎቹ በቀለም ያበዱ ነበሩ፤ ቁጥሩ በየትኛው ዓመት ዋጋ እንደተሰላ ግን የትም አይጽፍም። እዚህ ተጽፏል።

መጀመሪያ የሚያጋጥማችሁ ሁለት ነጥብ ነው። ቁጥር በሌለበት ሳጥን ውስጥ «..» ይላል። ኤክሴል እሱን እንደ ፊደል ስለሚቆጥረው ቀመራችሁ ይበላሻል። አንድ ሰዓት ሙሉ ቀመሬን ስጠራጠር ከቆየሁ በኋላ ነው የገባኝ። ነጥቦቹን አጥፍታችሁ ባዶ አድርጉት። ዜሮ እንዳታደርጉት ብቻ! ያልተለካ ነገር ዜሮ አይደለም።

ዋናው ጣጣ ግን መለኪያውን መምረጥ ላይ ነው። «አገልግሎት፣ ተጨማሪ እሴት» (ዘርፉ ከገዛው ግብዓት በላይ የፈጠረው ዋጋ) ብላችሁ ስትፈልጉ አራት አምስት የሚመሳሰሉ ስሞች ይደረደራሉ። አንዱ ከአገር ውስጥ ምርት ያለው ድርሻ በመቶኛ ነው። አንዱ በወቅቱ ዋጋ በዶላር ነው። አንዱ በ2015 ቋሚ ዋጋ ነው፣ ማለትም የዋጋ ለውጥ እንዳያዛባው ሁሉም ዓመት በ2015 ዋጋ የተሰላበት። ዕድገትን በጊዜ ሂደት ማየት የፈለገ ሰው ቋሚውን ይውሰድ። በወቅቱ ዋጋ በዶላር ከወሰደ የምንዛሪ መውረድ ብቻውን ዘርፉን ያጠፋዋል። ገንዘቡን ያዳከመ አገር ባንኮቹም ትምህርት ቤቶቹም እንደ ድሮው እየሠሩ ግራፉ ላይ ገደል ይገባል።

ድርሻው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ግብርና በድርቅ ሲወድቅ የአገልግሎት ድርሻ ከፍ ይላል። ማንም ምንም ሳያሻሽል ማለት ነው። ሦስቱን ዘርፎች፣ ግብርናን፣ ኢንዱስትሪንና አገልግሎትን፣ ደምሬ 100 ሳይሞላልኝ የተደናገጥኩበት ቀንም አለ። ስህተት አይደለም። በምርት ላይ የሚጣል ግብር አገር ውስጥ ምርት ውስጥ ይገባል፣ በዘርፎቹ ውስጥ ግን አይገባም።

ሁለት አገሮችን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ነገሩ ይብሳል። ፀጉር ቆራጭን አስቡ። መቀሱ ያው፣ ግማሽ ሰዓቱ ያው፣ ዋጋው ግን በድሃው አገር በጣም ያንሳል። በገበያ ምንዛሪ ካነጻጸራችሁ የድሃው አገር አገልግሎት ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። ለዚህ በመግዛት አቅም ማስላት አለ፣ ማለትም ገንዘቡ በየአገሩ ምን ያህል እንደሚገዛ አይቶ መመንዘር። ብዙ ሰው የሚያደርገው ለጠቅላላው ኢኮኖሚ የተሠራውን ማስተካከያ ወስዶ አገልግሎት ላይ መጫን ነው። ያ ማስተካከያ ግን መኪናውንም ሲሚንቶውንም ይዟል፤ የነሱ ዋጋ ደግሞ በአገሮች መካከል የአገልግሎትን ያህል አይራራቅም። እኔም እጭነዋለሁ፣ ሌላ ምርጫ ሳጣ። ግን ማድረጌን እጽፋለሁ።

የመንግሥት አገልግሎትስ? አብዛኛው አይሸጥም፣ ስለዚህ የሚለካው በወጪው ነው። በወቅቱ ዋጋ ሲሰላ፣ የአስተማሪ ደመወዝ ሲጨመር «ምርት» ጨመረ ማለት ነው። ልጆቹ የተማሩት ያው ቢሆንም።

ዳታባንክ ላይ የሚጎድለኝ ዝርዝር ነው። ንግድም፣ ሆቴልም፣ ባንክም፣ ጤናም፣ የመንግሥት ቢሮም አንድ ጆንያ ውስጥ ናቸው። ጆንያውን መፍታት ስፈልግ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ወዳደረጉት የኢኮኖሚ ሽግግር ዳታቤዝ እሄዳለሁ። 51 አገሮች፣ 12 ዘርፎች፣ ከ1990 እስከ 2018። የሠራተኛ ቁጥርም አለው። የንግድ ሥራው ያደገው ሰው ስለበዛበት ነው ወይስ እያንዳንዱ ሰው የሚሠራው ስለጨመረ? እዚያ ይታያል። 2018 ላይ መቆሙ ነው የሚያናድደው።

ለዳታባንክ ከ5 ኮከብ 4 እሰጣለሁ። አምስተኛውን የያዝኩት ማብራሪያው ከትንሽ ምልክት ጀርባ ስለተደበቀ ነው። ያቺን ምልክት ሳትጫኑ ምንም አታውርዱ። ናይጄሪያ ብቻዋን አይደለችም። ጋና በ2010 መጨረሻ መነሻ ዓመቷን ስትቀይር ኢኮኖሚዋ 60 በመቶ ገደማ ተልቆ ተገኝቷል። ቻይናም የመጀመሪያውን የኢኮኖሚ ቆጠራዋን ጨርሳ በታኅሣሥ 2005 የ2004ን ቁጥር በ16.8 በመቶ ከፍ አድርጋለች። ከጭማሪው 93 በመቶው አገልግሎት ነበር። ሳይቆጠር የሚቀረው ሁሌ እሱ ነው።

ግራፉን እንደገና ሠርቼ ላክሁ። ሽቅቡ ጠፍቷል፤ መስመሩ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፣ ከስሩ ያለው ማስታወሻ ደግሞ ስድስት መስመር ሆኗል። አለቃዬ አየት አደረገና «ያኛው ያምር ነበር» አለኝ።