ለአይ-9 ቅጽ፦ አንድ ካርድ ወይስ መንጃ ፈቃድና ሶሻል?

አሜሪካ ውስጥ ሥራ ሲጀመር የሠራተኛው ማንነትና የመሥራት መብት የሚረጋገጥበት አይ-9 ቅጽ የግድ ይሞላል። ሠራተኛው የራሱን ክፍል ቢዘገይ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይጨርሳል፤ አሠሪው በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ሰነዶቹን አይቶ ይፈርማል። የትኛውን ሰነድ ማቅረብ ይሻላል?

አንደኛው መንገድ ማንነትንም የመሥራት መብትንም በአንዴ የሚያረጋግጥ ሰነድ ነው፦ የአሜሪካ ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ ወይም የሥራ ፈቃድ ካርድ። በዲቪ ገና ለገባ ሰው እሰየው ነው፤ ግሪን ካርዱ በፖስታ እስኪመጣ ድረስ የኢሚግራንት ቪዛ ተለጥፎበት አየር ማረፊያ ላይ ማህተም የተመታበት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለ1 ዓመት ያገለግላል።

ሁለተኛው ጥንድ ነው፦ ለማንነት መንጃ ፈቃድ ወይም የስቴት መታወቂያ፣ ለመሥራት መብት ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ። የሶሻል ካርዱን ግን በደንብ እዩት። ለሥራ የሚያገለግለው ከኢሚግሬሽን ፈቃድ ጋር ብቻ እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ካለበት ለዚህ ቅጽ አይሆንም። ፎቶ ኮፒም አይሠራም።

ጥገኝነት ለተፈቀደላቸው ወገኖቻችን እኔ ያለማመንታት ጥንዱን እመክራለሁ። ጥገኝነቱ ከተፈቀደ በኋላ የሚሰጣቸው ሶሻል ካርድ እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም፤ የሥራ ፈቃድ ካርድ ያሳዩ እንደሆነ ግን ቀኑ ሲያልቅ አሠሪው እንደገና ማረጋገጫ ይጠይቃል፣ እድሳቱ ከዘገየ እንጀራቸው አደጋ ላይ ይወድቃል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ይጨነቃል።

ምርጫው የሠራተኛው ነው። «ግሪን ካርድ ካላመጣህ አልቀጥርህም» የሚል አሠሪ ሕግ እየጣሰ ነው።